ኮርቻው በጀልባ

ደቅ ደሴት
ሚያዝያ 30 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለእንጅባራ መናኸሪያ ትኬት ቆራጭ፣ ሰው ሁሉ መስኮቷ ሥር አጎንብሶ ለሚለምናት ለወንድሜ ልጅ ለናርዶስ፦

ሰላምታዬ ከማዕበሉ ይበዛል ልል ነበር፤ ስለ ማዕበል ማውራት ግን አላሰኘኝም። ከደቅ ማንጎ ይበዛል ብለሽ ያዥልኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ትናንት ሚኒባሱ ሲገባ አንገትሽን በመስኮት አውጥተሽ እንደፈለግሽኝ አውቃለሁ። ይቅርታ። ሦስቱ ጓደኞቼ ወርደው እኔ የታጣሁት፣ ጡረተኛው የሒሳብ መምህር እንግዳው ቆጥሮ ስለረሳኝ አይደለም። በፈቃዴ ቀርቼ ነው።

ጉዞውን ላውራሽ። ከፈረስ ጀርባ በቀር ምንም ላይ ተቀምጠን አገር ያላየን አራት የፈረሰኛ ማኅበር ሰዎች፣ ከባሕር ዳር ባለሞተር ጀልባ ተከራይተን፣ እንደ ፈረንጅ ደሴት በደሴት! እንግዳው ገና ሳንነሣ የመንሳፈፊያ ጃኬቶቹን ሦስት ጊዜ ቆጠረ። ለአምስት ሰው ሰባት ጃኬት መኖሩን ሲያረጋግጥ ሁለቱን ደርቦ ለበሰ። መጀመሪያ ክብራን ገብርኤል ተሳለምን። እዚያ ሴት አይገባም፤ አንቺ ብትኖሪ ጀልባው ላይ ቀርተሽ ለአሞራዎቹ ትኬት ትቆርጪ ነበር። በማግሥቱ ዘጌ አደርን። በሦስተኛው ቀን ወደ ደቅ ተሻገርን። ስለ መሻገሩ ሌላ ቀን እጽፍልሻለሁ።

የቀረሁበት ምክንያት የእህል ወፍጮ ነው። የደሴቱ ወፍጮ ተበላሽቶ ሰነባብቷል። ሞተር የሚያውቅ ሰው መጣ ሲባል ሴቶቹ እህላቸውን ተሸክመው ከበቡኝ። ትቼ ብሄድ ይረግሙኛል፤ የባልቴት እርግማን ደግሞ ውኃ አይከለክለውም፣ እንጅባራ ድረስ ይመጣል። ስለዚህ ጓደኞቼን "እናንተ ሂዱ" አልኳቸው። ያረፍኩት እትዬ የሻረግ ከሚባሉ ባልቴት ቤት ነው።

ስልኬ ሐይቅ ገብቷል። በእኔ ቁጥር አሳ ከደወለልሽ አታንሺው፤ ወሬ ያበዛል።

ለቡላ ሣር ብቻ አትስጪው፤ ገብስ ጣል አድርጊበት። ፈረሱ ኮስምኖ ሙሽራ ቢሸከም የሚያፍረው እኔ ነኝ። ሠርግሽ ግንቦት 28 ነው፤ ገና ወር ገደማ ይቀረዋል። አባትሽ ቢኖር ያደርገው የነበረውን ሁሉ አደርጋለሁ ብያለሁ። በአባት ወንበር ተቀምጬ ጉልበቴን ስትስሚ እመርቅሻለሁ፤ ቡላ ላይ አውጥቼሽ ልጓሙን ይዤ እስከ ቤተ ክርስቲያን አደርስሻለሁ። ቃሌ ቃል ነው።

እዚህ ጥሩ ሸንኮራ አለ። ልልክልሽ ብዬ፣ እንደማትቀምሺው ትዝ ሲለኝ ማንጎ ላክሁ።

አጎትሽ አድማሴ፣ የጣና ባሕር ኃይል ዋና አዛዥ


ደቅ ደሴት
ግንቦት 6 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለተቆጪዋ ናርዶስ፦

ደብዳቤሽን ሾፌሩ አየነው ለጀልባ ሰዎች ሰጥቶልኝ ደረሰኝ። ከሰላምታው ጥያቄው በዝቷል። እንደ ፈተና በተራ እመልሳለሁ፤ ፊደል የቆጠርኩት በስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ስለሆነ ውጤቱን አታጥብቂብኝ።

"የሰው ስልክ ተውሰው ለምን አይደውሉም?" ላልሽው፦ ኔትወርክ የሚገኘው ጉብታው ላይ ነው። እንዲያውም እውነቱን ልንገርሽ፤ እኔ በስልክ መዋሸት አልችልም፤ ድምፄ ያሳብቅብኛል። በወረቀት ከሆነ ግን እንኳን አንቺን ንስሐ አባቴንም አታልላለሁ። ይህ ቀልድ ነው።

"ወፍጮው አለቀ?" ላልሽው፦ ሊያልቅ ነው። አንድ ቀበቶ ይቀረዋል።

"ጉልበትዎ ተሻለዎት?" ላልሽው ግን ግራ ገባኝ። ጉልበቴ ምን ሆነ? እንግዳው ነው የነገረሽ? አዎ፣ አዎ፣ ጉልበቴ! ታሟል እኮ። ተቀምጬ ሳሳርፈው ስለሚሻለኝ ረስቼው ነው። ለእንግዳው ሰላም በይልኝ፤ በሽታ ሲሰጥ ለበሽተኛው አስቀድሞ ቢነግረው መልካም እንደሆነ ምከሪው።

"ምን ይበላሉ?" አሳ። ጠዋት ቀረሶ፣ ማታ አምባዛ። ከመጣሁ ወዲህ አንገቴን ሳክከው ቅርፊት የሚነካኝ ይመስለኛል።

እትዬ የሻረግ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። በየሁለት ቀኑ በታንኳ ማዶ ይሻገራሉ። ታንኳ ማለት ደንገል አስረው የሚሠሩት ነው፤ የሣር ነዶ በይው። ትናንት ወደቡ ላይ ቆሜ ሳያቸው ጠሩኝ።

"አንተ የፈረስ ጀግና፣ አትመጣም?"

"ጉልበቴን አሞኛል፣ እትዬ።"

"ታንኳ በጉልበት ይሄዳል እንዴ? በመቀመጫህ ነው የምትሄድ!"

ዳር ላይ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እሳቸው የነዶውን ጫፍ በመቅዘፊያቸው ገፋ አድርገው፣ ወንበር ላይ የተቀመጡ ይመስል እግራቸውን ዘርግተው ሄዱ። በዓይኔ ሸኘኋቸው፤ ጥቁር ነጥብ እስኪሆኑ ድረስ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ለእጮኛሽ ለስማቸው ሰላም በይው። ጫግኒ ያሉት ቤተሰቦቹ ስለ እኔ ቢጠይቁሽ፣ "አጎቴ ጀልባ ሊገዛ ሄዷል" በያቸው። ይፈሩናል።

አጎትሽ አድማሴ


እንጅባራ
ግንቦት 11 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ አድማሴ፦

እንደምን ከረሙ? እኛ ደህና ነን። ቡላ ገብሱን ይበላል፤ ግን የውጭ በር በተከፈተ ቁጥር ጆሮውን አቁሞ ያይና መልሶ ይጥለዋል።

ትናንት ሁለት ሴቶች ወደ ጫግኒ ሊሄዱ ትኬት ጠየቁኝ። ከየት መጣችሁ ስላቸው ከደቅ አሉኝ። ወፍጮውን ጠየቅኋቸው። "የአገው ፈረሰኛው በሁለት ቀን ሠራው፤ ሁለቴ አስፈጭተንበታል" አሉ። ቀበቶ የሚባል ነገር አልሰሙም።

ጋሽ እንግዳው ጉልበት ነው ይላል። ሚስቱ ሆድ ቁርጠት ነው ትላለች። አንድ ቤት ተቀምጠው በአንድ በሽታ አልተስማሙም። ጋሽ እንግዳውን ዓይን ዓይኑን ሳየው ትኬት ሳይዝ ወደ ደንገላ መኪና ውስጥ ገባ። ደንገላ ምንም ጉዳይ የለውም።

ጋሼ፣ እኔ መሳቅ አቅቶኛል። የስማቸው ቤተሰቦች ሽማግሌ ልከው "በአባት ወንበር ማን ይቀመጣል?" ብለው ጠየቁ። የእናቴ ወንድም ጋሼ ገብረ ማርያም ጉሮሮውን ጠረገና "ወንበር ባዶውን አያድርም፤ እኔ አለሁ" አለ። ያውቁታል። ሲመርቅ ፍርድ የሚያነብ ይመስላል። እስከ ግንቦት 26 ካልመጡ እሱ ይቀመጣል ተብሎ ተወስኗል።

ከልጅነቴ ጀምሮ ያሳቁኝ እርስዎ ነዎት። ሳለቅስም ስወድቅም እርስዎ ነበሩ። በሌላ ሰው ጉልበት ተመርቄ ከቤት መውጣት አልፈልግም። ማን ነው ያሰረዎት? ሰው ከሆነ ይንገሩኝ፣ መጥቼ አስፈታዎታለሁ። ነገር ከሆነም ይንገሩኝ።

ናርዶስ


ደቅ ደሴት
ግንቦት 15 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለናርዶስ፦

ሴቶቹን ይዘሻቸዋል፤ ከእንግዲህ መናኸሪያ ሳይሆን ፖሊስ ጣቢያ ሊቀጥሩሽ ይገባል። ወፍጮው በሁለት ቀን ተሠርቷል። ጉልበቴ ደህና ነው። ሆዴም ደህና ነው። ያሰረኝም ሰው የለም።

ውኃ ፈርቼ ነው።

ይኸው ጻፍኩት። የማኅበሩ በዓል ላይ ቆሞ የሚጋልብ ሰው፣ ፈረስ የሚፈራን ሰው ሁሉ "ሙሽሪት" እያለ ሲጠራ የኖረ ሰው፣ ጀልባ ላይ መውጣት አቃተው።

ስለ መሻገሩ ሌላ ቀን ብዬሽ ነበር። ከዘጌ የተነሣነው አርፍደን ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ መጣ። ከመካከል ስንደርስ ሞተሩ ቀጥ አለ፤ ጀልባው ጎኑን ለማዕበል ሰጥቶ ይዋልል ጀመር። ባለጀልባው "ጌቶች፣ ሞተር የሚያውቅ አለ?" አለ። ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ግን አግዳሚውን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ጣቶቼ አልላቀቅ ብለውኛል። ስልኬ ሐይቅ የገባው ያን ጊዜ ነው፤ ከጉያዬ ሲንሸራተት እያየሁት እጄን ልልክለት አልቻልኩም። ባለጀልባው ራሱ ታግሎ አስነሣው። ማንም አልተነካም። ደቅ ስንደርስ ግን ሁለቱ እየደገፉ አወረዱኝ። እንግዳው ያን ቀን አልሳቀብኝም። እንዳይናገርም አስምዬዋለሁ፤ ስለዚህ ስለ ጉልበቴ በመዋሸቱ አትቀየሚው።

ለመመለስ ሦስት ጊዜ ሞክሬአለሁ። መጀመሪያ አንድ እግሬን አግብቼ አወጣሁ፤ የወደቡ ሰው ሳቀ። በሁለተኛው ተቀመጥኩ፤ ሞተሩ ሲነሣ ግን ዘልዬ ወረድኩ፣ እስከ ጭኔ ረጠብኩ፤ የበለጠ ሳቁ። በሦስተኛው ስንቀጠቀጥ አይተው ማንም አልሳቀም። መሳቃቸውን ሲተዉ ነው ነገሩ የከበደኝ።

ደሴቱን በእግሬ ዞሬዋለሁ። በእርሻው ብትሄጂ፣ በቡናው ብትሄጂ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ብትሄጂ መጨረሻው ያው ነው። ከብት ጠባቂዎቹ ሳይቀሩ ያውቁኛል፤ "ዛሬም አልሄዱም?" ይሉኛል። "ነገ" እላለሁ።

ስለ ወንበሩ አስቤበታለሁ። ገብረ ማርያም ይቀመጥ። ቁም ነገረኛ ሰው ነው። ምርቃቱ ቢረዝምም ይደርሳል። ቡላን አየነው ይሳበው። እኔ ክረምቱ ሳይገባ ቀስ ብዬ እመጣለሁ። አትዘኝ።

አጎትሽ አድማሴ


ደቅ ደሴት
ግንቦት 19 ቀን 2014 ዓ.ም.

ናርዶስ፦

ደብዳቤሽ አንድ መስመር ብቻ ነው። "የሚሸሹት ከውኃው ነው ወይስ ከእኔ?" ሁለት ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። እትዬ የሻረግ "ምን ብላህ ነው ልጂቱ እንዲህ ያንከራተተችህ?" ሲሉኝ አነበብኩላቸው። "ልጂቱ ካንተ ትበልጣለች፤ ቁጭ ብለህ መልስላት" አሉኝ።

አባትሽ ይሄነው ከጫግኒ ሲመለስ ዱራ ወንዝ እንደወሰደው ታውቂያለሽ። የምታውቂው እኔ የነገርኩሽን ነው። "ሸንኮራ ገዝቶልሽ፣ ሳይመሽ ላድርስላት ብሎ ሲቸኩል" ብዬ ነግሬሻለሁ። አምስት ዓመትሽ ነበር። ከገበያ ሸንኮራ እንዲያመጣልሽ እያለቀስሽ ሸኝተሽው ነበርና አመንሽ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሸንኮራ አልቀመስሽም። ማንም ምክንያቱን አልጠየቀሽም፤ እኔ ግን አውቅ ነበር። አንድ ቀን፣ ሰባት ዓመት ሲሆንሽ፣ "ባላለቅስ ኖሮ ቀስ ብሎ ይመጣ ነበር፣ አይደል?" አልሽኝ። እኔ መልስ እንደመስጠት በጆሮሽ እንደ አህያ ጮህኩብሽ። ሳቅሽ። ስትስቂ ነገሩ ያለፈ መሰለኝ።

የሆነው ሌላ ነው። ነሐሴ ነበር። ድልድዩ ሩቅ ነው ብለን በአቋራጭ መጣን፤ አምስት ፈረሰኞች ነበርን። ወንዙ ሞልቷል። ይሄነው ከፈረሱ ወርዶ ውኃውን አየና "እንደር፤ ነገ ይጎድላል" አለ። አልቸኮለም፣ ናርዶስ። ሊያድር ነበር። እኔ ነኝ የሳቅሁበት። "አርጅተሃል ወንድሜ፤ እንደ ጥጃ በትከሻዬ አዝዬ ላሻግርህ?" አልኩት። ሰዎቹ ሁሉ ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ ቀልዴን ይወድ ነበር። ከዚያ ፈረሱ ላይ ወጣና ገባ።

ፈረሱ ወጣ። ሸንኮራው ኮርቻው ላይ እንደታሰረ ነበር።

አብረውን የነበሩት ሦስቱ ለእኔ ሲሉ ዝም አሉ። እኔ ስለ ሸንኮራው ስነግርሽ መዋሸቴን አላሰብኩም፤ ሸንኮራው እውነት ነበርና። የቀረውን ግን አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ላይ ጭኜ፣ ሃያ ዓመት ስቄ አሳቅሁሽ። ጣና ላይ ሞተሩ ሲቆም የሰማሁት የነዚያን ሰዎች ሳቅ ነው። አሁን በአባትሽ ወንበር ተቀምጬ "እንደ አባትሽ ሆኜ መረቅሁሽ" የምልበት አፍ የለኝም። ከውኃውም እሸሻለሁ፣ ከአንቺም። መልሴ ይህ ነው።

አድማሴ


እንጅባራ
ግንቦት 22 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለጋሼ አድማሴ፦

ደብዳቤዎን መስኮቱን ዘግቼ አነበብኩት። ውጭ የተሰለፉት ሰዎች ሲያንኳኩ ቆዩ። መኪናው ሞልቷል አልኳቸው። አልሞላም ነበር።

ተቆጥቻለሁ። ምን ያህል እንደሆነ ልጽፍ ሞክሬ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። ሙዚቃ እንኳ ሳይኖር በሠርግ ላይ ብቻዬን የምጨፍር ልጅ ነበርኩ ይሉኛል፤ ከዚያ በኋላ አባቴን የገደልኩ ልጅ ሆኜ አደግሁ። ማታ ማታ ሸንኮራውን አልፈልግም፣ አልፈልግም እያልኩ እቃዥ ነበር። እናቴን ይጠይቋት።

ይቅር ብዬዎታለሁ ብዬ አልጽፍም። ይቅር አልልም ብዬም አልጽፍም። በወረቀት ንስሐ አባቴንም አታልላለሁ ብለው የጻፉልኝ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ የላኩትን በወረቀት አልቀበልም። መጥተው፣ ዓይኔን እያዩ፣ በድምፅዎ ይንገሩኝ። እኔም በድምፄ እመልስልዎታለሁ። ከዚያ በኋላ ወንበሩ የማን እንደሚሆን አውቃለሁ።

ውኃውን ደግሞ እንደዚህ ነው የምናደርገው። ቡላ ገና ወጣት ሳለ የከተማውን ድልድይ አልሻገርም ብሎ ሲያስቸግር ያደረጉትን አይቻለሁ። ዓይኑን በጋቢ ሸፈኑት። የለመደውን ኮርቻ ጫኑበት። ፊቱን አዙረው የኋሊት እየገፉ ወሰዱት። እስኪሻገርም አፍዎ አላረፈም፤ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ምንም ይለፈልፉለት ነበር። "ፈረስ የሚፈራው የሚያየውን ነው፤ የሚያምነው የሚሰማውን ነው" አሉኝ።

ኮርቻዎን ከጋሽ እንግዳው ጋር ልኬአለሁ። ሁለት ጃኬት ደርቦ ራሱ ይመጣል። ኮርቻው በጀልባው አግዳሚ ላይ ይታሰር። ጀርባዎን ለመሄጃው ሰጥተው ይቀመጡ፤ ዓይንዎን በጋቢ ይሸፍኑ። ጋሽ እንግዳው ከደቅ እስከ ባሕር ዳር የማባዣ ሠንጠረዥ ያነብልዎታል፤ አፉ እንዳያርፍ ብዬዋለሁ። እሺ ብሏል፤ እንዲያውም ደስ ብሎታል። ልጓም አልላክሁም። አፍዎን እፈልገዋለሁ።

ሲመጡ ከባሕር ዳር አንድ ዘንግ ሸንኮራ ይግዙልኝ።

ናርዶስ


ባሕር ዳር
ግንቦት 25 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለናርዶስ፦

ይህን የምጽፈው መሬት ላይ ቆሜ ነው። ወረቀቱን ኮርቻው ላይ ዘርግቼ ስለምጽፍ ፊደሉን ይቅር በይው። አየነው አሁን ሊነሣ ስለሆነ ደብዳቤው ይቅደመኝ፤ እኔ ዛሬ መኪና የምሳፈርበት አንጀት የለኝም። ነገ በማለዳው ሚኒባስ እመጣለሁ።

እንደ አዘዝሽው ተደረገ። የደቅ ሕዝብ ሁሉ ወደብ ወርዶ ነበር፤ ፈረስ በሌለበት ኮርቻ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ አይተው አያውቁም። እትዬ የሻረግ ጋቢውን በእጃቸው አሰሩልኝና "ልጂቱን ሰላም በላት፤ የምትፈራ ከሆነ እኔም በታንኳዬ ከጎንህ እሸኝሃለሁ" አሉኝ። ሸኙኝም። ባለጀልባው ሞተሩን ቀስ አድርጎ ስለነዳ፣ መቅዘፊያቸው ውኃውን ሲመታ ብዙ መንገድ ድረስ ሰማሁት። ሌላውን አላየሁም። እንግዳው ከሁለት ጀምሮ እስከ አሥራ ሁለት አባዛ። አንድ ቦታ ላይ ተሳስቶ "ሰባት ጊዜ ስምንት ሃምሳ አራት" አለ፤ "ሃምሳ ስድስት" ብዬ ጮህኩበት። ከመካከል ደርሰን እንደነበር የነገረኝ በኋላ ነው።

ለመናገር የማስበውን መንገድ ላይ በልቤ ስደጋግመው መጣሁ። ቀልድ ያለበትን ቃል ሁሉ አወጣሁለት፤ ሳወጣው አጭር ሆነ።

ሸንኮራውን ገዝቼ ኮርቻው ላይ አስሬዋለሁ። ረጅም ስለሆነ መንገደኛው ሁሉ ዞር ብሎ ያየዋል። ነገ ስደርስ ቀጥታ ቤት አልሄድም። እንደማንኛውም ሰው ወረፋ ይዤ፣ ከመስኮትሽ ሥር አጎንብሼ እቆማለሁ።

አጎትሽ አድማሴ